በሩ የነበረበት ቦታ

«ይሄ አይደለም» አለች ሆሳዕና።

ነፋሱ ሊነጥቃት የሚታገለውን ፎቶ በሁለት እጇ ወጥራ ይዛ፣ አንዴ ወረቀቱን አንዴ ከፊቷ ያለውን ድንጋይ ታያለች። ፎቶው ላይ ያለው ዓለት ከገደሉ ወጥቶ ባሕሩ ውስጥ የገባ፣ መሐሉ የተቦረቦረ፣ ሰው ሳያጎነብስ የሚያልፍበት ትልቅ በር ነው። ከፊቷ ያለው ግን ከአንድ መኪና የማይበልጥ፣ የወፍ ኩስ ያነጣው ጉብታ ነው።

«ነው ባክሽ» አለች ናዝራዊት። አሸዋው ላይ ተቀምጣ ጫማዋን ታራግፋለች። «ከዚያ በኩል ብታይው ቀዳዳ ሊኖረው ይችላል።»

«ሊኖረው ይችላል? መጥተሽ ያነሳሽው አንቺ አይደለሽ እንዴ? ቀዳዳ አለው ወይስ የለውም?»

«ኦ ማይ ጋድ፣ ሆሲ! ሦስት ሳምንት ሆነው እኮ! ድንጋይ ሁሉ ያው ድንጋይ ነው።»

ሆሳዕና ፎቶውን አጥፋ ጃኬቷ ውስጥ ከተተችና መንገድ ጀመረች። አሥራ አምስት ዓመቷ ነው፤ በትምህርት ቤቷ የክርክር ቡድን ውስጥ ሁሉም ከእሷ ጋር መመደብ ይፈልጋል፣ ከእሷ ትይዩ መቆም ግን ማንም አይፈልግም። ከሜልቦርኑ ሳንድሪንግሃም ባቡር ጣቢያ ወርደው በባሕሩ ዳር መሄድ ከጀመሩ ግማሽ ሰዓት አልፏል። በዚህ ሁሉ ጊዜ ናዝራዊት አራት ጊዜ እንረፍ ብላለች፣ ሁለት ጊዜ ሆዴን አመመኝ ብላለች፣ አንድ ጊዜ ደግሞ ዝናብ ሊመጣ ነው ብላለች። ሰማዩ ላይ የጣት ያህል ደመና የለም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቤተ ክርስቲያናቸው ሰንሻይን ዌስት ውስጥ፣ በጎማ መሸጫና በመጋዘን መሐል ባለ አዳራሽ ይሰበሰባል። ነገ ሠላሳኛ ዓመቱን ያከብራል። የሁሉም ነገር መጀመሪያ ደግሞ ይህ ፎቶ ነው፤ ከአልጋ አንሶላ የተሰፋ ነጭ ልብስ የለበሱ አሥራ አንድ ሰዎች፣ ከጥምቀት ወጥተው ውሃ እየተንጠባጠቡ፣ ፀሐይ ዓይናቸውን እየወጋቸው፣ ዓለቱ ሥር ተደርድረዋል። ከፊት የቆሙት ሰባኪው ጋሼ አዛርያስ ናቸው፤ ያኔ ጸጉራቸው ጥቁር ነበር። ከጎናቸው ባለቤታቸው እትዬ መታሰቢያ መዳፋቸውን ዓለቱ ላይ አሳርፈዋል። እትዬ መታሰቢያ ካረፉ ሰባት ዓመታቸው ነው። ወደ ውሃው የገቡት በዓለቱ መሐል አልፈው ስለነበር፣ ምእመናኑ ዓለቱን «በሩ» ይሉታል። አሁን አሁን ጥምቀቱ አዳራሹ ውስጥ ባለ ገንዳ፣ በሞቀ ውሃ ነው። በሩን ከሩቅ ማመስገን እንጂ ሄዶ ማየት ከቀረ ቆይቷል።

በየዓመቱ ታዲያ ጋሼ አዛርያስ መድረክ ላይ ይወጣሉ። ድምፃቸው ጥሩ ነው፤ ማይክራፎንም አይፈልግም።

«ያ ዓለት ዛሬም እዚያው ቆሟል!» ይላሉ። «ማዕበል መታው፣ አልተነቃነቀም። ነፋስ መታው፣ አልተነቃነቀም። እናንተ ወጣቶች ግን ስልካችሁ በጮኸ ቁጥር ትነቃነቃላችሁ!»

አዳራሹ አሜን ይላል። የሆሳዕና ደም ይፈላል።

ሆሳዕናን የሚያናድዳት ስብከቱ አይደለም። የሚያናድዳት ተናጋሪዎቹ ናቸው። አገር ለውጠው፣ ካምፕ ለካምፕ ተንከራተው፣ ባሕር ተሻግረው፣ ሥራቸውንና ሰፈራቸውን አሥር ጊዜ ቀያይረው የመጡ ሰዎች፣ እዚሁ ኬንሲንግተን ፎቅ ላይ የተወለደችን ልጅ «አትነቃነቂ» ይሏታል። ራሳቸው ቆመው ቢሆን ኖሮ እዚህ ይደርሱ ነበር? ይህን ጥያቄ ለመጠየቅ ከአራት ዓመት በፊት አንድ ቀን እጇን አውጥታ ነበር። ጋሼ አዛርያስ እጇን አይተው «በጸሎት እንዝጋ» አሉ።

የነገውን ስላይድ የምትሠራው ሆሳዕና ናት። ዓለቱን ፎቶ እንድታነሳ የታዘዘችው ደግሞ ናዝራዊት ነበረች። የዛሬ ሦስት ሳምንት ቅዳሜ ሄደች ተባለ፤ ማታ ፎቶው ለቤተ ክርስቲያኑ ግሩፕ ተላከ። የሚያምር ፎቶ ነበር፤ ወርቃማ ዓለት፣ ሰማያዊ ውሃ። ጋሼ አዛርያስ በማግስቱ ስልኩን ከፍ አድርገው ለጉባኤው ሁሉ አሳዩና፣ «አወቅሁት! ያውና ስንጥቁ! መታሰቢያ እጇን ያሳረፈችበት!» ብለው አለቀሱ።

አንድ ነገር ብቻ ሆሳዕናን ከነከናት። በድሮው ፎቶ ላይ፣ በበሩ ቀዳዳ ውስጥ፣ ከሩቅ አንዲት የዛገች የጦር መርከብ ትታያለች፤ ከመቶ ዓመት በፊት ለማዕበል መከላከያ ብለው ባሕሩ ውስጥ ያሰመጧት። በናዝራዊት ፎቶ ላይ መርከብ የለችም። «ያኔ»ና «ዛሬ» ጎን ለጎን ሲቀመጡ መግጠም አለባቸው። ናዝራዊትን ሄደሽ ድገሚው አለቻት፤ ሆዴን አሞኛል አለች። እንግዲያው ብቻዬን እሄዳለሁ ስትል ግን፣ ሆዷን ያመማት ናዝራዊት በአንድ ጊዜ ድና ተከተለቻት።

«መርከቧ!» አለች ሆሳዕና።

የባሕሩን ዳር ጥግ ሲዞሩ ብቅ ያለችው ጥቁር ብረት ከባሕሩ ላይ ጀርባዋን ብቻ አውጥታ ተኝታለች። ከበላያቸው የገደሉ ጠርዝ ላይ አጥር አለ፤ ከሥሩ መሬቱ ተንዶ ሄዶ ሁለት የአጥሩ እንጨቶች ምንም ሳይነኩ አየር ላይ ተንጠልጥለዋል። ገደሉ ሊናድ ይችላል የሚለው የማስጠንቀቂያ ሰሌዳ ራሱ ወደ ፊት ዘምሟል። ሆሳዕና ከገደሉ ሥር ራቅ ብላ፣ እርጥቡን አሸዋ ተከትላ ትሮጥ ጀመር።

«ቀስ በይ! በናትሽ!» ናዝራዊት ከኋላ ትጮኻለች።

ሆሳዕና ፎቶውን አወጣች። በግራ የቀዩ ገደል አፍንጫ፤ በቀኝ መርከቧ። ወደ ኋላ አምስት እርምጃ ሄደች፤ መርከቧ ጠበበች። ወደ ጎን ሦስት እርምጃ፤ አፍንጫው ከመርከቧ ጫፍ ጋር ተነካካ። ልክ ነው። እግሯ ያለበት ቦታ ከሠላሳ ዓመት በፊት ፎቶ አንሺው የቆመበት ነው። ፎቶውን ከዓይኗ ዝቅ አደረገችው።

ምንም የለም።

ውሃ አለ። ከውሃው ጫፍ ላይ ጥቁር ትናንሽ ዛጎል የለበሱ ሁለት ጉቶ ነገሮች ብቅ ጥልቅ ይላሉ፤ ማዕበሉ ሲመጣ ይጠፋሉ። ከገደሉ ሥር ብርቱካንማ የድንጋይ ክምር አለ፤ ጠርዙ ሁሉ ተልጎ ክብ ሆኗል። ሰማይና ውሃ፣ ፎቶው ላይ ትልቁ በር ባለበት መሐል ደግሞ ባዶ ነፋስ።

«ቦታውን ተሳስተናል» አለች ናዝራዊት በፍጥነት።

«አልተሳሳትንም።»

እርጥብ ውሻ እየጎተተ አንድ ሽማግሌ ፈረንጅ አጠገባቸው ደረሰ። ሆሳዕና ምንም ሳታቅማማ ፎቶውን ፊቱ ላይ ዘረጋችለት። ሰውዬው መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ አየው።

«አሮጊቷ ቅስት» አለ በእንግሊዝኛ። «ስንት ዘመኔ ካየኋት! በአንድ ክረምት ማዕበል ሄደች። ልጄ ያኔ የመጀመሪያ ደረጃ ተማሪ ነበረች፤ ዛሬ ነርስ ናት። አሥራ ሦስት ዓመት ይሆናል። ማታ ነበረች፣ ጠዋት ስመጣ የለችም። የዚያን ጊዜው ውሻዬ ባዶው ላይ አንድ ሳምንት ጮኸ።» ወደ ባሕሩ ጠቆመ። «ውሃው ገና እየሸሸ ነው። ወደ ማታ ብትመጡ ሁለቱ እግሮቿ በደንብ ይወጣሉ። እነሱ አልሄዱም።»

አመስግነውት ሄደ። ውሻው ውሃውን ሁሉ ናዝራዊት ላይ አራገፈባትና ተከተለው።

«ናዝ» አለች ሆሳዕና።

«እ?»

«የዛሬ ሦስት ሳምንት ፎቶ ያነሳሽው በር ከወደቀ አሥራ ሦስት ዓመቱ ነው።»

ናዝራዊት የሹራቧን ኮፍያ እስከ ቅንድቧ ጎተተችው። ጣቶቿን እጅጌዋ ውስጥ ደበቀች።

«ፖርቹጋል ነው» አለች በመጨረሻ።

«ምኑ?»

«ድንጋዩ። ሰርች ሳደርግ የመጣልኝ። ቆንጆ ነበር፣ ቀዳዳም አለው… ፖርቹጋል ነው።»

ሆሳዕና ሳታስበው ሳቀች። ሳቋ ነፋሱን አልፎ ገደሉ ላይ ጮኸ። ናዝራዊትም በአፍንጫዋ ሳቅ አለች። ከዚያ ሁለቱም በአንድ ጊዜ ጋሼ አዛርያስን አሰቡ።

«አልቅሰዋል እኮ» አለች ሆሳዕና። «ስንጥቁን አወቅሁት ብለው!»

«አውቃለሁ! ያን ቀን እራት መብላት አቃተኝ።»

«የት ነበርሽ ታዲያ?»

«ፉትስክሬይ። ዳንስ ክላስ።»

ሆሳዕና የቀረውን ራሷ ሞላችው። የናዝራዊት እናት እትዬ በለጥሻቸው የሴቶች ጸሎት መሪ ናቸው። ዳንስ የሚለውን ቃል ሲሰሙ ዓይናቸው ይጠባል። ልጃቸው በየቅዳሜው ለላይብረሪ፣ ለመዘምራን ልምምድ፣ አንድ ቀን ደግሞ ለበሩ ፎቶ እያለች ከቤት ትወጣለች።

«ትርኢታችን የዛሬ ሁለት ሳምንት ነው» አለች ናዝራዊት። «ሁለት ሳምንት ብቻ፣ ሆሲ። ስምንት ወር ተለማምጄበታለሁ። ነገ የፖርቹጋሉን አሳዪው፣ ሰዉ አሜን ይበል፣ እሁድ ያልፋል። ማን ይጎዳል?»

ሆሳዕና አልሰማቻትም። ጭንቅላቷ ውስጥ አንድ ዓረፍተ ነገር እየተሠራ ነበር። ክርክር ላይ ልታሸንፍ ስትል እንዲህ ነው የሚያደርጋት፤ ቃላቱ ራሳቸው ተራቸውን ይዘው ይሰለፋሉ። ነገ፣ ሁለት መቶ ሰው ባለበት፣ ጋሼ አዛርያስ «ያ ዓለት ዛሬም» ብለው እጃቸውን ወደ ስክሪኑ ሲያነሱ፣ እሷ አንዲት ቁልፍ ትጫናለች። ባዶ ባሕር። ከዚያ ተነሥታ፦ ጋሼ፣ የወደቀው ዓለቱ ነው፤ እኛ አለን። ይኸው። አጭር፣ ንጹሕ፣ መልስ የሌለው። አራት ዓመት የታፈነ እጅ በአንድ ጊዜ ይወጣል።

«ፊትሽን አየሁት» አለች ናዝራዊት። «ደስ ብሎሻል።»

«እውነት ነዋ! እውነት ሲገኝ ማዘን አለብኝ?»

«እውነቱን አይደለም የወደድሽው። መድረኩን ነው።»

«ውሸታሟ አንቺ ሆነሽ እኔን ትሰብኪያለሽ?»

«አዎ፣ ዋሽቻለሁ። ፈርቼ ነው የዋሸሁት። አንቺ ግን ሽማግሌ ልትመቺበት ነው።»

ሆሳዕናን ይህ ይበልጥ አናደዳት። ጀርባዋን አዙራ ስልኳን አወጣችና የድሮው ፎቶ አንሺ በቆመበት ላይ እግሯን ተክላ አነሳች። አፍንጫው በግራ፣ መርከቧ በቀኝ። ከድሮው ፎቶ ጋር ቁልጭ ብሎ ይገጥማል። አሥራ አንዱ ሰዎችና በሩ ብቻ ጎድለዋል።

ባቡሩ ላይ መቀመጥ አልቻለችም። ወንበሩ ባዶ ነው፤ እሷ ግን መግቢያው ጋ ቆማ ምሰሶውን በጣቷ ትቀጠቅጣለች። ናዝራዊት ሁለት ወንበር ርቃ በመስኮት ትመለከታለች። ፍሊንደርስ ስትሪት ወርደው ባቡር ሲቀይሩም አልተነጋገሩም። ስልኩ የጮኸው ሁለተኛው ባቡር ሲነሣ ነው። ጋሼ አዛርያስ።

«ልጄ! አገኛችሁት?»

«ቦታውን አግኝተነዋል፣ ጋሼ።»

ውሸት አልነበረም። ግን ከአፏ ሲወጣ ሐሰተኛ ሳንቲም ይመስል ነበር።

«ተመስገን! እኔ እኮ ጉልበቴ ቢሆንልኝ አብሬያችሁ ነበር። እና… እጅሽን አሳረፍሽበት? ልክ እንደ መታሰቢያ?»

ሆሳዕና የባቡሩን ወለል አየች። «ጋሼ፣ ቤት ነዎት?»

«በዚህ ጉልበት የት እሄዳለሁ?»

«እመጣለሁ።»

ስልኩን ስትዘጋ ናዝራዊት ተጠግታ ቆማ ነበር። «ምን ልትያቸው ነው?»

«አላውቅም» አለች ሆሳዕና። ናዝራዊት ይህን ቃል ከእሷ አፍ ሰምታ አታውቅም።

ኖርዝ ሜልቦርን ስትወርድ ወደ ኋላ አላየችም። ጋሼ አዛርያስ የሚኖሩበት ፎቅ ሥር ደርሳ የሊፍቱን ቁልፍ ስትጫን ግን ከኋላዋ የሚያለከልክ ሰው መጣ። ናዝራዊት ነበረች። ኮፍያዋ ወደ ኋላ ወርዷል፤ ጫማዋ ውስጥ አሁንም አሸዋ ይንኮሻኮሻል።

ጋሼ አዛርያስ በሩን የከፈቱት የነገውን ኮታቸውን ለብሰው፣ ከታች ግን በቤት ሱሪና በነጠላ ጫማ ሆነው ነው። «ልክ ነው ወይ? ትከሻው ሰፋብኝ። ወይ እኔ ነኝ የቀነስኩት» አሉና ሳቁ። ጭማቂ ቀዱላቸው፣ ብስኩት አወጡ፣ ተቀመጡ አሏቸው። ናዝራዊት ተቀመጠች። ሆሳዕና አልተቀመጠችም። ግድግዳው ላይ ያው ፎቶ በትልቁ ተሰቅሏል፤ ከሁሉም ሰው መሐል የጠራችው የእትዬ መታሰቢያ መዳፍ ናት።

«እስቲ አሳዪኝ» አሉ መነጽራቸውን እያጠለቁ።

ስልኩን ሰጠቻቸው። አዩ። ወደ ፊታቸው አስጠግተው አዩ።

«ይሄ ባሕር ነው።»

«አዎ፣ ጋሼ።»

«በሩስ?»

ዓረፍተ ነገሩ ምላሷ ላይ መጣ። ከነጥርሱ፣ ከነስለቱ፣ አንድ ቃል ሳይጎድለው። አፏን ከፈተች። ጋሼ አዛርያስ ግን አላዩዋትም። አውራ ጣታቸው ስክሪኑ ላይ ነበር፤ ፎቶውን ወደ ግራ ይገፉታል፣ ወደ ቀኝ ይመልሱታል፣ እንደገና ወደ ግራ። ዓለቱ ከፎቶው ጠርዝ ትንሽ ወጣ ብሎ የቆመ፣ ጥቂት ቢገፉት የሚመጣ መስሏቸዋል።

ሆሳዕና ዓረፍተ ነገሩን ዋጠችው።

«የለም፣ ጋሼ» አለች። «ወድቋል። አሥራ ሦስት ዓመት ሆኖታል።»

ጣታቸው ቆመ።

«መርከቧ ግን አለች» አሉ ቀስ ብለው።

«መርከቧ አለች።»

«ታዲያ ያ ቀደም ብሎ የመጣው ፎቶ?»

ሆሳዕና ጭማቂዋን አየች። ይህን መመለስ የእሷ ድርሻ አይደለም። ብስኩቱ ናዝራዊት እጅ ውስጥ ለሁለት ተሰበረ።

«እኔ ነኝ» አለች ናዝራዊት። «አልሄድኩም ነበር። ኢንተርኔት ላይ ያገኘሁት ነው። ድንጋዩ ያለው… ፖርቹጋል ነው።»

«ፖርቹጋል» አሉ ጋሼ አዛርያስ፣ ቀምሰውት የማያውቁትን ምግብ እንደሚያላምጥ ሰው። መነጽራቸውን አወለቁ። «እኔ ግን አወቅሁት አልኩ። ስንጥቁን ሳይቀር። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት።»

«ይቅርታ፣ ጋሼ።»

«እናትሽ ታውቃለች?»

ናዝራዊት የለም በሚል ራሷን ነቀነቀች።

ስልኩን ለሆሳዕና መለሱላት። ኮታቸውን አስተካከሉ፤ ፊታቸው እንደ መድረኩ ሰው ጠንከር አለ። «እንግዲያው ነገ ያንኑ አሳዪው። አንድ ቀን ነው። ማን ፖርቹጋል ሄዶ ያጣራል?»

የሆሳዕና ደም ፈላ። ናዝራዊት ይህን ስትል ልጅ ናት፣ ፈርታ ነው። አሁን ግን የሚናገሩት በየዓመቱ ስለ አለመነቃነቅ የሚገሥጿት ሰው ናቸው!

«አይሆንም» አለች። «ስላይዱን የምሠራው እኔ ነኝ። ፖርቹጋልን አላሳይም።»

«ለትልቅ ሰው እንዲህ ነው የሚመለሰው?»

«ትልቅ ሰው እንዲህ ይጠይቃል?»

«ሆሲ!» አለች ናዝራዊት።

ጋሼ አዛርያስ ተነሡ፤ ጉልበታቸው ግን መሐል ላይ ከዳቸውና መልሰው ተቀመጡ። «ምን ልበል ታዲያ?» ድምፃቸው ማይክራፎን የማይፈልገው ድምፅ አልነበረም። «ንገሪኛ፣ አንቺ አዋቂዋ! ይህን ሁሉ ዘመን ቆሟል ስል ኖሬ፣ ነገ ተነሥቼ ወደቀ ልበል? መታሰቢያ እጇን ያሳረፈችበት የለም ልበል?»

ሆሳዕና ግድግዳው ላይ ያለችውን መዳፍ አየች። ከዚያ ምንጣፉ ላይ፣ ከወንበራቸው ፊት ለፊት፣ ከመጣች ለመጀመሪያ ጊዜ ተቀመጠች።

«አላውቅም፣ ጋሼ። ግን እኔ አይቼዋለሁ፤ እርስዎ አላዩትም። ሳያዩት ምን እንደሚሉ እንዴት ያውቃሉ?»

ጋሼ አዛርያስ መነጽራቸውን ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡ።

«እግሮቹ አሉ» አለች።

«የምን እግር?»

«የበሩ። ሁለቱም። ትናንሽ ጥቁር ዛጎሎች ለብሰዋል። እኛ ስንሄድ ውሃው ሸፍኗቸው አናታቸው ብቻ ነበር የሚታየው። አንድ ሰውዬ ወደ ማታ ባሕሩ ይበልጥ ስለሚሸሽ በደንብ ይወጣሉ ብሎናል።»

«የትኛው በኩል ያለው? መታሰቢያ የቆመችበት በግራ ነው።»

«ሁለቱም።»

ጋሼ አዛርያስ ወደ መስኮቱ ዞሩ። የየካቲት ፀሐይ ገና ከፍ ብላ የማዶውን ፎቅ መስታወት ታቃጥላለች። «ከባቡሩ ሩቅ ነው?»

ቅርብ ነው ማለት ትችል ነበር። «ለእኛ አርባ ደቂቃ ነው። በእርስዎ ጉልበት ከአንድ ሰዓት በላይ ነው። አሸዋም አለው።»

«ኡበር ቡክ ላድርግ?» አለች ናዝራዊት። «ቅርብ ድረስ ያደርሰናል።»

«ያኔ በእግር ነው የሄድነው» አሉ። «እየዘመርን። መታሰቢያ መሐል መንገድ ላይ ጫማዋ ተበጥሶ በባዶ እግሯ ነው የደረሰችው።» ሰዓታቸውን አዩ። «ለነገው የምንለማመድበት ሰዓት ሊደርስ ነው። አዳራሽ ይጠብቁኛል።»

እጃቸውን በወንበሩ መደገፊያ ላይ ጫን አድርገው ተነሡ። አሁን ጉልበታቸው ያዘላቸው።

«ናዝራዊት፣ አልጋው ሥር ወፍራም ጫማ አለ። ጥቁሩን።»

ናዝራዊት ጫማውን አምጥታ ተንበረከከች። ማሰሪያውን ስታጠብቅ ከላይ ሆነው «ግራውን ላላ አድርጊው፣ ያብጣል» አሉ። ቆይተው ደግሞ፦ «እንግዲህ እኔም አንቺም ነገ የምንናገረው አለን ማለት ነው።»

«ነገ?» አለች ናዝራዊት ቀና ብላ።

«እኔስ ነገ አይደል?»

ናዝራዊት ቀኙን ጫማ ያዘች። ሁለት ጊዜ አስራ፣ ሁለት ጊዜ ፈታችው።

ሆሳዕና ቀድማ ወጣችና ኮሪደሩ ላይ ቆመች። ስልኳ ላይ ዘጠኝ በመቶ ባትሪ ቀርቷል። የፖርቹጋሉን ፎቶ ከስላይዱ ውስጥ አገኘችው፤ አሁንም ቆንጆ ነው። አጠፋችው። ባዶውን ባሕር ልታስገባ ፈለገችና ጣቷ ቆመ። ያነሳችው ለስላይዱ ሳይሆን ጋሼ አዛርያስን ለመምታት ነበር። ለግሩፑ ጻፈች፦

«የበሩ ፎቶ ዛሬ ማታ ዘግይቶ ይደርሳል። ጋሼ አዛርያስም ልምምድ አይመጡም። የፎቶውን ቦታ ባዶ ተዉልኝ።»

ሊፍቱ መጣ። ከኋላዋ የምርኩዝ ድምፅና አሸዋ ያለበት ጫማ ድምፅ ቀስ እያሉ ይመጣሉ። ሆሳዕና፣ አንድ ቦታ ረግታ መቆም የማትችለው ልጅ፣ የሊፍቱን በር በትከሻዋ ይዛ እስኪደርሱ ቆመች።